በኮቪድ ጊዜ በስልክ መርዶ ያረዳችሁ ባለሙያዎች፣ እስቲ እናውራ

ሲስተር ከቀበና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ። በ2012 እና በ2013 አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የኮቪድ ማከሚያ ማዕከላት በአንዱ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠርቻለሁ። ስለ መከላከያ ልብሱ (ፒፒኢ)፣ ስለ ላቡ፣ ስለ አበሉ ብዙ ተወርቷል። እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ ስልኩ ነው።

ቤተሰብ መግባት አይችልም ነበር። ስለዚህ በሽተኛው ሲብስበትም ሲያርፍም ደዋዮቹ እኛ ነን። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ዘመድና ጎረቤት፣ የእድር ሰው ይሰበሰባል። ማን ይናገር ተብሎ ይመከራል። ልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ካለች ይታሰብላቸዋል። ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል። ሰው ሲወድቅ የሚይዝ ክንድ አለ።

እኛ ጋ ግን አንዲት ነርስ፣ የዓይን መከላከያ መነጽሯን እንፋሎት ይዞት፣ አይታው ለማታውቀው ሰው ትደውልና "አባትዎ አርፈዋል" ትላለች። ወዲያኛው ጫፍ የሚመጣውን ጩኸት ትሰማለች። ሰውየው ብቻውን ይሁን፣ መኪና እየነዳ ይሁን አታውቅም። ከዚያ ስልኩን ዘግታ ወደሚቀጥለው አልጋ።

ይኸው ዛሬም የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ደዋይዋ እኔ ነበርኩ፣ አሁን የምደነግጠውም እኔ።

እናንተስ እንዴት ትናገሩ ነበር? ያስተማራችሁ ሰው ነበር? አሁንስ ለቀቃችሁ?


ዶክተር አዳር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ሲስተር፣ ማንም ያላነሳውን ነው ያነሳሽው። ያኔ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት (ስፔሻላይዝ እያደረገ ያለ ሐኪም) ነበርኩ።

ያስተማረን የለም ብል ውሸት አይሆንም። ክፍል ውስጥ የተማርነው ፊት ለፊት ስለመናገር ነው። ወንበር ስጡት፣ እናንተም ተቀመጡ፣ ዓይን ዓይኑን እዩት፣ ዝም በሉለት ነው የተባልነው። በስልክ ከዚህ ውስጥ አንዱም የለም። ዝም ስትል ደግሞ መስመሩ የተቋረጠ ይመስላቸውና "ሃሎ? ሃሎ?" ይላሉ።

እኛ ቡድን ውስጥ የለመድነው ሁለቴ መደወል ነበር። በመጀመሪያው "ጠንከር ብሎባቸዋል፣ ኦክስጅኑ ተጨምሮም እየያዘላቸው አይደለም" እንላለን። ይህን የምንለው ሰውየው በሕይወት እያሉ ነው። ሁለተኛው ስልክ ሲመጣ ቤተሰቡ በልቡ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠብቀናል።

ችግሩ ኮቪድ ሁልጊዜ ለሁለት ስልክ ጊዜ አይሰጥም። ሳቹሬሽኑ (በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን) ሰባ ምናምን ገብቶ ቁጭ ብሎ የሚያወራህ ሰው ነበር። ደህና ይመስላል። ቀን ከልጁ ጋር በቪዲዮ ስቆ ያወራ ሰው ሌሊት ይሄዳል። ልጁ "ዛሬ አውርቼዋለሁ እኮ! ተሳስታችኋል፣ ስሙን በደንብ እዩት" ይልሃል። ካርዱን ገልጠህ ታያለህ። ስሙ ራሱ ነው።


ቡና በጨው · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እናንተ መናገር ተፈቅዶላችኋል። እኔ የነበርኩበት ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) ደግሞ የተባልነው "በስልክ ሞት እንዳትናገሩ" ነው። "ለጉዳይ ትፈለጋላችሁ፣ ኑ" በሏቸው ተባልን። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሰው ቤቱ ብቻውን እንዳይደነግጥ ነው።

ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ቤተሰብ ተጠራርቶ ይመጣል። ውስጥ መግባት ክልክል ነው። በር ላይ ያለው ማን ነው? ጥበቃው። "ለእንዲህ ዓይነት ሰው ተጠርተን ነው" ይሉታል። እሱ ደግሞ ለአስከሬን የሚፈርም ሰው ሲጠራ ሰምቷል። ፊቱን ሲያዩት ያውቁታል። እንዲያ እያለ መርዶ ነጋሪው ጥበቃ ሆነ ማለት ነው። አንድ ምስኪን ሽማግሌ ነበሩ። "እኔ እኮ የተቀጠርኩት በር ልከፍት ነው" ይሉ ነበር።


ዶክተር አዳር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

@ቡና በጨው፣ "ለጉዳይ ትፈለጋላችሁ" የሚለውን አልስማማበትም። ሰው መንገድ ላይ እያለ ያውቀዋል፣ ግን እርግጠኛ አይደለም። ያ ሰዓት ከመርዶው ይብሳል። በዚያ ላይ ከዚያ በኋላ ሐኪም ሲደውል ማንም አያምነውም። "ትንሽ ብሶባቸዋል" ስትልም "ሞቷል በለኝ!" ይሉሃል።


ቡና በጨው · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

ዶክተር፣ ከተማና ገጠር ይለያያል። ስልኩን የሚያነሳው የሟች ሚስት ናት፣ ጎረቤቷ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ለእሷ በስልክ መናገር ለእኔ ጭካኔ ነው። የእኔ ዘዴ ሌላ ነበር። "አጠገብሽ ማን አለ? ስልኩን ለወንድምየው ስጪልኝ" እል ነበር። ለወንድምየው እነግረዋለሁ፣ እሱ ሰው ይሰበስባል። ሥርዓቱ እንደ ሥርዓቱ ይሄዳል።


እውነት እንነጋገር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሙያችሁን አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። በዚያ ጊዜ ያልተጎዳ ማን አለ? የቀን ሠራተኛው ቤቱ ተቀምጦ ተራበ። ሚኒባሱ በግማሽ ሰው እንዲጭን ተባለ፣ ተሳፋሪው እጥፍ ከፈለ። ሆቴል ዘጋ፣ አስተናጋጅ ተበተነ። እናንተ ቢያንስ ደመወዛችሁ አልቆመም፣ አበልም ነበራችሁ። ሞት መናገርም የሥራችሁ አካል ነው። ወታደር ጥይት ፈራሁ ይላል እንዴ?


አኩርፌ ነው የመጣሁት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

@እውነት እንነጋገር፣ አበሉን ያየህበትን ቦታ ጠቁመኝና እኔም ልሂድ 😂 የእኛ ሳይከፈለን ወራት ቆየ። መጥቶም ግማሹ "በዝርዝሩ ላይ ስምህ የለም" ተባለ። ወታደር ያልከው ደግሞ ጥሩ ነው። ወታደር ጠመንጃ ይሰጠዋል። እኛ ለአንድ ፈረቃ ተብሎ የተሠራውን ኤን 95 ማስክ በወረቀት ከረጢት አንጠልጥለን ለሳምንት እንጠቀምበት ነበር።


የእናቴ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። እናቴ በኤጀንሲ የተቀጠረች የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ስለ ነርስና ሐኪም ሲወራ እሰማለሁ። ስለ እሷ ማንም ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ እኔ ላውራ።

አልጋ ሲለቀቅ የምታጥበው እሷ ናት። አስከሬን ሲወጣ መንገዱን በክሎሪን የምትከተለው እሷ ናት። የአበል ዝርዝር ሲወጣ ግን "አንቺ የጤና ባለሙያ አይደለሽም" ተባለች። ኤጀንሲው "ሆስፒታሉን ጠይቂ" ይላታል፣ ሆስፒታሉ "ኤጀንሲውን ጠይቂ" ይላታል።

ቤት ስትመጣ ደግሞ ሌላ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው። ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ ከኋላዋ በረኪና ይረጫል። ቀኑን ሙሉ ስትረጭ የዋለችው እሷ፣ እጇ የተላጠው የእሷ! በኋላ አከራያችን ወይ ሥራውን ወይ ቤቱን ምረጡ አሉን። በክፉ ሰውነት አይደለም፣ ፈርተው ነው። ቤቱን ለቀቅን።

በወር የምታገኘውን ብር ብናገር እዚህ ማንም አያምነኝም። "ደመወዛችሁ አልቆመም" ላልከው ወንድሜ፣ አዎ፣ አልቆመም።


የአወያዩ ማስታወሻ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ውይይቱ ክፍት ነው። የሆስፒታልና የሰው ስም የጻፋችሁባቸውን ሁለት መልሶች አንስቻለሁ። ያለ ስም ጻፉ።


ፒሲአር ተራ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡45

የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። እኛ ስልክ አንደውልም፣ ውጤት ነው የምንልከው። ግን ስሜቱን አውቀዋለሁ።

አዲሱ ትውልድ ላያስታውሰው ይችላል። መጀመሪያ ላይ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። እዚህ አገር መመርመር የተጀመረው በፈረንጆቹ የካቲት 2020 ነው፣ በሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው በሽተኛ ሲገኝ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣው ጃፓናዊ፣ ሁላችንም ቀልዱ እንዳበቃ ገባን። ከዚያ ቀንና ሌሊት በፈረቃ። ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አለቀ፣ መጣ፣ አለቀ። የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ እርዳታ ቦሌ ሲራገፍ ያጨበጨብነው ለቴሌቪዥን ብለን አይደለም፣ የመመርመሪያ ኪት አይተን ነው።

የእኔ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ናሙናው ላይ ኮድ እንጂ ስም አይጻፍም። አንድ ቀን ግን ከሥራ ባልደረቦቻችን የተወሰደ ናሙና መጣ። የኮዱን አካሄድ ስለማውቅ የማን እንደሆነ አወቅኩ። ማሽኑ ጨርሶ እስኪያወጣ ድረስ ያለውን ሰዓት አልረሳውም። ቫይረስ ካለ በስክሪኑ ላይ ከርቩ (መስመሩ) ወደ ላይ ሲነሳ ታየዋለህ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው።

ባልደረባችን ድኗል፣ ደህና ነው። መጨረሻው ምን ሆነ እንዳትሉኝ ብዬ ነው።


ስልኩን ያነሳሁት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

እኔ በዚያኛው ጫፍ ነበርኩ።

አባቴ ሚያዝያ 2013 ነው ያረፉት። ያን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ የለም የሚባልበት፣ ኦክስጅን ሲሊንደር በመኪና ጭነን የምንዞርበት ጊዜ ነው። ሦስት ሆስፒታል ዞረን አራተኛው ተቀበለን። በር ላይ በዊልቸር ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ሌሊት ነበር የተደወለልኝ። ሴት ናት። መጀመሪያ ስሟን ነገረችኝ። "አጠገብህ ሰው አለ?" አለችኝ። "ባለቤቴ አለች" አልኳት። "ቀስቅሳት፣ እጠብቃለሁ" አለች። ጠበቀች። ከዚያ ነገረችኝ። ጮህኩ መሰለኝ፣ አላስታውስም። የማስታውሰው ስልኩን እንዳልዘጋችው ነው። ዝም ብላ ቆየች። በኋላ "ብቻቸውን አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። እጃቸውን ይዤ ነበር። 'ልጆቼን' ብለዋል" አለችኝ።

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ለሁሉም የምትለው ሊሆን ይችላል። ግድ የለኝም። ቀብሩ ላይ ያለነው ጥቂት ሰዎች ነበርን። ድንኳን አልተጣለም፣ ሰልስት የለም፣ የሚያጽናና ሰው በሩቅ እጁን አውለብልቦ ሄደ። በዚያ ሁሉ ውስጥ እንደ ሰው ያናገረችኝ ያቺ ነርስ ብቻ ናት።

ሲስተር፣ አንቺ ሁኚ ሌላ አላውቅም። ግን እነዚያ ስልኮች በሙሉ ጩኸት ብቻ አይደሉም። ያነሳነው ሰዎችም አንረሳቸውም።


ሲስተር ከቀበና · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እኔ አይደለሁም፣ ያኔ ወንዶች ክፍል አልነበርኩም። ግን "እጃቸውን ይዤ ነበር" ያለችህ እውነቷን ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችን እንይዝ ነበር። ጓንቱ ሁለት ድርብ ነው፣ ቢሆንም ሰው እጅ ሲይዘው ያውቃል።

ሌላም ልንገርህ። የአንዳንዱን ቤተሰብ ስልክ ስፒከር ላይ አድርገን ጆሮው ሥር እናስጠጋው ነበር። ቬንቲሌተር ላይ ያለ ሰው ይስማ አይስማ አይታወቅም። ሚስት ታወራለች፣ ልጅ ይጸልያል፣ አንዱ የንስሐ አባቱን ይዞ ጸሎት አስደረገ፣ አንዷ ቁርዓን አስቀራች። እኛ ስልኩን ይዘን ቆመን እንሰማለን። የሰው ቤት ምሥጢር ነው እኮ! ብድር ሳይቀር የተናዘዘ አለ። ያንን ሁሉ ይዘን ቤታችን ገባን።


ሲልቨር ስፕሪንግ · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡10

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ ባለው ሐበሻ ዘንድ በአረጋውያን መኖሪያ ያልሠራ ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነው። እኔም ነርስ ረዳት ነበርኩ፣ አሁን አርኤን (ፈቃድ ያላት ሙሉ ነርስ) ሆኛለሁ።

አሜሪካ ነው ብላችሁ ሁሉ የተሟላ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ላይ በቆሻሻ መጣያ ፕላስቲክ ጋውን ሠርተን ለብሰናል። አረጋውያን መኖሪያዎቹ ናቸው በጣም የተመቱት። በመላ አገሪቱ እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ ከ200,000 በላይ ነዋሪዎችና ሠራተኞች በእነዚህ ቤቶች ሞተዋል። ዓመታት ያጠብኳቸው፣ ያበላኋቸው፣ የልጆቼን ስም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ክፍል በክፍል ያለቁት። ታብሌት ይዤ የስንብት ቪዲዮ እከፍታለሁ። በእንግሊዝኛ ማጽናናት እችላለሁ፣ ግን ማልቀስ የሚመጣኝ በአማርኛ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። ጣት ላይ የምናደርገው ኦክስጅን መለኪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ከፍ አድርጎ ያሳያል። በ2020 መጨረሻ የወጣ ጥናት፣ ያልታየ የኦክስጅን እጥረት ጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳየ። "92 ነው፣ ደህና ነህ፣ ቤትህ ግባ" የተባለ ስንት የእኛ ሰው ነበር? ያንን ቁጥር እያነበብኩ ስናገር የነበርኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ አዲስ አበባ አረፈች፣ በኮቪድ አይደለም፣ በስኳር። በረራ የለም፣ ፈቃድም የለም። መርዶውን የነገረችኝ እህቴ ናት፣ በስልክ፣ መኪናዬ ውስጥ የሥራ ሰዓቴን እየጠበቅኩ። ሰማሁ፣ ተነሥቼ ገባሁ፣ ሠራሁ። ምን ልሁን? ያን ቀን ሦስት ሰው ቀርቶብን ነበር።


እውነት እንነጋገር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

@የእናቴ ልጅ፣ የእናትህን አላውቅም ነበር። በእሷ ጉዳይ ያልከው ትክክል ነው፣ አበል መጀመሪያ ለእንደ እሷ ዓይነቱ ሰው ነበር የሚገባው።

በቀረው ግን አቋሜ ያው ነው። ይህች አገር ላይ ሁሉም የራሱን ቁስል ይዞ ነው የሚኖረው። ለአንድ ሙያ ብቻ ለቅሶ መቀመጥ አይሆንልኝም።


ቡና በጨው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡25

ማንም ለቅሶ ተቀመጥልን አላለህም ወንድሜ። የተጠየቀው ስለ ስልክ ነው።


ጤና ኬላ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። እኛ ቀበሌ ሞት ብዙ አልታየም። የታየው ፍርሃት ነው። ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆች ነበሩ፣ ከጂቡቲም። ቤት ለቤት እየሄድኩ እመዘግባለሁ፣ ሙቀት እለካለሁ። ስመጣ በር ይዘጋል። ልጅ አዋልጄላቸዋለሁ፣ ክትባት ሰጥቻቸዋለሁ፣ ቡና ጠጥተን የማናውቅበት ቤት የለም። ያኔ ግን "እሷ ከገባችበት ቤት ሰው ይወሰዳል" ተባለ። እርጉዝ ሴቶች ጤና ጣቢያ መሄድ ተዉ። ክትባት የዘለሉ ሕፃናት ነበሩ። ለእኔ የኮቪድ ጉዳት ያ ነው፣ እምነታቸውን መልሼ እስካገኝ ዓመት አለፈ።


ሰሜን · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

በእኛ በኩል ኮቪድ ቶሎ ነው የተረሳው። በ2013 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር ማን ማስክ ያስባል? ድንበር የለሽ ሐኪሞች በመጋቢት ባወጡት ሪፖርት ትግራይ ውስጥ ካዩዋቸው 106 ጤና ተቋማት 70 በመቶ ገደማ ተዘርፈዋል፣ በወጉ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በኋላ ወሎም ደረሰ። እኔ ያለሁበት የኮቪድ ክፍል የቁስለኛ ክፍል ሆነ። እዚያ ስልክ ራሱ አልነበረም። መርዶው ሳይነገር ዓመት የቆየበት ቤት አለ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።


ሳይካትሪ ነርስ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሙሉውን አነበብኩት። በአእምሮ ጤና ክፍል ነው የምሠራው። ትንሽ ከሙያዬ ልበል።

ሲስተር ከቀበና የጻፈችው (የማታውቀው ቁጥር ሲደውል እጅ መንቀጥቀጥ) ድክመት አይደለም፣ የታወቀ ነገር ነው። አእምሮ ስልክንና አደጋን አብሮ አሰረ፣ እስካሁን አልፈታም። ብቻዋን እንዳይመስላት ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ጭንቀትና ድብርት በዓለም ላይ 25 በመቶ ጨመረ ብሏል። የሞቱትንም ሲገምት፣ በፈረንጆቹ ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ አልቀሩም ነው ያለው። ግምቱ ራሱ እንዲህ የሰፋው ብዙ አገር የራሱን ሠራተኛ በወጉ ስላልቆጠረ ነው።

እኔ ዘንድ ከሚመጡት ባልደረቦች የማየው ሦስት ነገር ነው። አንዱ እንቅልፍ ነው። ሌላው ቁጣ ነው፣ ቤት ውስጥ በልጅ ላይ የሚወጣ። ሦስተኛውና የማይነገረው "ያንን አልጋ ለማን ሰጠሁ፣ ለማን ከለከልኩ" የሚለው ነው። ቬንቲሌተር አንድ ሆኖ ሁለት ሰው ሲፈልገው የወሰነ ሰው ያንን ይዞት ነው የሚዞረው። ትክክል ወስኖም ቢሆን።

አደራ የምለው፦ ጤና ባለሙያ ራሱን ያክማል። ዳያዜፓም (ማረጋጊያ መድኃኒት) ከፋርማሲው ጓደኛው ይወስዳል፣ ጫትና መጠጥ ይጨምራል፣ ደህና ነኝ ይላል። አታድርጉት። ነገሩ ከወር በላይ ከቆየ፣ ሥራችሁን ወይም ቤታችሁን ከነካ፣ ሰው አማክሩ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ብቻ አይደለም፣ አሁን ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የምትሠሩበት ሆስፒታል ውስጥ መታየት የምታፍሩ ከሆነ ሌላ ጋ ሂዱ፣ አፍረታችሁን እረዳለሁ።

ስለ ስልኩ ደግሞ ቀላል መጀመሪያ አለ። የምታምኑት ሰው በማይታወቅ ቁጥር፣ በተቀጠረ ሰዓት፣ ስለ ተራ ነገር ይደውልላችሁ። ደጋግሞ። ለአእምሮ "ስልክ ማለት ሞት አይደለም" ማስተማሪያው ይኸው ነው። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ባይለቅ ባለሙያ ይያዘው።


ዶክተር አዳር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

የአልጋውን ነገር ስታነሺ ቆም አልኩ። እሱን እዚህ አልጽፈውም። በአካል ግን መጥቼ ላናግርሽ እችላለሁ።


ሳይካትሪ ነርስ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡58

በደስታ ዶክተር። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።


አኩርፌ ነው የመጣሁት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሁሉም አለቀሰ፣ እኔ ላናድዳችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የመጀመሪያው በሽተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ ክትባት ተጀመረ። መጀመሪያ ለጤና ባለሙያ ተባለ። ክብር ነው ብለን ክንዳችንን ሰጠን። ፎቶ ተነሣን። የያኔዋ ጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያም አመሰገኑን። "ጀግኖቻችን" የሚል ባነር በየበሩ ተሰቀለ።

በ2017 ግንቦት ላይ ደግሞ እነዚያው ጀግኖች "ደመወዛችን ኑሮውን አልቻለውም" ብለው ሥራ ሲያቆሙ ምን እንደተባሉ፣ የታሰሩም እንደነበሩ ሁላችሁም አይታችኋል። ሥራ ማቆሙ ልክ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ በሽተኛ መተው እኔም ከብዶኛል። ግን ባነሩን ማን እንዳወረደው አላየንም። ጀግና ከተባልክ ጠርጥር። ጀግና ደመወዝ አይጠይቅማ!


ስልኩን ያነሳሁት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

እኛም አላመሰገንንም እኮ። አባቴ ከተቀበሩ በኋላ ያንን ሆስፒታል ማየት ስለማልችል መንገድ ቀየርኩ። ነርሷን ፈልጎ ማመስገን አንድም ቀን አልመጣልኝም። አሁን የት ብዬ እፈልጋታለሁ?


ሲስተር ከቀበና · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

ስሟን ነግራሃለች ብለሃል። ወሩን ታውቃለህ። ክፍሉን ታውቃለህ። የሆስፒታሉን የነርሶች ኃላፊ ጠይቅ፣ በዚያ ጊዜ ያንን ክፍል የሸፈነው ማን እንደሆነ የአዳር መዝገብ ላይ አለ። ብትሄድም እንኳ፣ ምናልባት ውጭ አገር ብትሆን፣ የሚያውቃት ሰው አይጠፋም። ነርስ ነርስን ታገኛለች።

በዚሁ ላይ እኔም ጥያቄ ነበረኝ፣ ከርዕሱ ይወጣል ይቅርታ። ለውጭ ማመልከቻ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር። እኔ በኮንትራት ነው የተቀጠርኩት፣ ማዕከሉ ተዘግቷል። ያንን ጊዜ የሚጽፍልኝ ማን ነው?


ፒሲአር ተራ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25

ማዕከሉ በማን ሥር ነበር? ለምሳሌ ሚሌኒየም አዳራሹ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ነበር። ማዕከሉ ቢዘጋም የቀጠረሽ ተቋም አለ። የዚያ ተቋም የሰው ኃይል ክፍል ፋይልሽን መያዝ አለበት። የኮንትራቱን ኮፒ፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ ዝርዝርና መታወቂያ ያዢ። ፋይሉ ጠፋ ካሉሽ የባንኩ ወረቀት ያድንሻል። ለእኛ ልጅ የሠራው እሱ ነው።


ሲልቨር ስፕሪንግ · ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 8፡30

ሲስተር፣ ለአሜሪካ ከሆነ ደብዳቤው ላይ "ጽኑ ሕሙማን ክፍል" የሚለው እንዲጻፍ አድርጊ። በዚህ በኩል ለአይሲዩ ልምድ ትልቅ ዋጋ ይሰጣሉ። "ነርስ" ብቻ ብለው ቢጽፉልሽ መልሺላቸው። ደግሞ በማላውቀው ቁጥር እደውልልሻለሁ፣ ቅዳሜ በእናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። ስለ ወረቀቱ ነው የምናወራው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንሺው።


ሲስተር ከቀበና · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

እሺ። ኮንትራቱ ኮፒ አለኝ፣ ባንክ ዛሬ እሄዳለሁ። ቅዳሜ 10 ሰዓት አነሳለሁ።